ቪትዟን ብርድ እንዳይመታት

በኅዳር ማለዳ በሱሉልታ ያለፈ ሰው ሦስት ዓይነት ፍጥረት ያያል። አንደኛው ጋቢውን እስከ ዓይኑ ተከናንቦ ታክሲ የሚጠብቅ ነዋሪ ነው። ሁለተኛው በቁምጣና በካናቴራ በውርጩ መሀል የሚሮጥ አትሌት ነው። ሦስተኛዋ በየግቢው ጥግ ከጣሪያዋ እስከ ጎማዋ ተጀቡና የቆመች መኪና ናት። ነዋሪው የተከናነበው ስለበረደው ነው፤ አትሌቱ የተራቆተው ስለሚሞቀው ነው። መኪና ግን በርዷት እንደማያውቅ ለባለቤቷ የነገረው ሰው የለም።

ማልበሱ የሱሉልታ ብቻ አይደለም። ቡራዩም ሰበታም ያው ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሦስቱም ከሌሎች ጎረቤቶቻቸው ጋር «ሸገር ከተማ» የሚል ስም ከላይ ተደርቦላቸዋል፤ ከሥሩ ግን ሁሉም በየድሮ ስሙ ይጠራል፤ የታክሲ ረዳትም የሚጣራው በድሮው ነው። የእነዚህ ከተሞች ነዋሪ ብዙው አዲስ አበባ መሬት ሲወደድበት ኑሮውን ወደ ዳር የገፋ ነው። መጀመሪያ የቆርቆሮ አጥር ያጥራል። ቀጥሎ ሁለት ክፍል ይሠራና ኮርኒሱ ሳይመታ ይገባበታል። ከዚያ የታክሲው ሰልፍ ሲያማርረው፣ ዕቁብ ሲደርሰው፣ በላዩም ዘመድ አስቸግሮ መኪና ይገዛል። የመኪናዋ ማቆሚያ ጣሪያ «ቤቱ ሲያልቅ» ይሠራል። ቤት ደግሞ አያልቅም። እስከዚያው ልብስ ይገዛላታል።

ከማፌዜ በፊት ለሰውዬው ጥቂት ልከራከርለት። መኪና እኛ ዘንድ በየዓመቱ የሚረክስ ዕቃ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪኖች ላይ ክንዱን አሳረፈ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ አገደ። ስለዚህ ቶዮታ በ1991 ዓ.ም. ጃፓን ውስጥ ለገበያ ያወጣት ቪትዝ፣ የበኩር ልጆቿ ሩብ ክፍለ ዘመን አገልግለው፣ ዛሬም ቡራዩ ላይ ባለቤታቸው ሲሸጣቸው ከገዛበት አስበልጦ ነው። ይህን ያህል ገንዘብ ሜዳ ላይ ሲያድር እንቅልፍ ያጣ ሰው አይፈረድበትም። ፀሐዩም ቀላል አይደለም። ከባሕር ጠለል በየ1,000 ሜትሩ ከፍ ባልን ቁጥር ቀለም የሚያነጣው አልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይበረታል፤ ሱሉልታ ደግሞ 2,700 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። የኮፈኑ ቀለም ይላጣል፤ የፊት መብራቱ ቢጫ ይሆናል፤ ዳሽቦርዱ ይሰነጠቃል። ጥላ መፈለጉ ልክ ነው። ነገሩ የሚበላሸው ጥላው ልብስ ሲሆን ነው።

ማታ 12 ሰዓት ላይ ሥነ ሥርዓቱ ይጀመራል። አባወራው ከሥራ ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ ልብሱን ያወጣል። የፊቱ የቱ፣ የኋላው የቱ እንደሆነ አይታወቅም፤ ቻይና ሆኖ የሰፋው ሰው ያውቅ ይሆናል። ሚስት አንዱን ጫፍ፣ ትልቁ ልጅ ሌላውን ይይዛሉ፤ ትንሹ በሞባይል መብራት ያበራል። ልብሱ ጣሪያዋ ላይ ገና ሲያርፍ የሱሉልታ ሜዳ ነፋስ ከሥር ይገባና ይነፋዋል። ሚስትየው ጫፏን እንደያዘች ሁለት እርምጃ ትወሰዳለች።

«ልቀቂው!»

«እንዴት ልልቀቀው? ባለፈው ለቅቄው ጎረቤት ግቢ ገባ ብለህ ስንት ቀን አኩርፈኸኝ!»

የልብሱ ላስቲክ ነፋሱን እንደማይችል ስለታወቀ መላ ተዘይዷል። በአራቱም ማዕዘን ገመድ ታስሮ፣ በየገመዱ ጫፍ ድንጋይ ተንጠልጥሏል። ለመኪናው የሚራራ ሰው በድንጋይ ፈንታ ውሃ የሞላ ሃይላንድ ያንጠለጥላል። ሌሊት ነፋሱ ሲነሳ ድንጋዩ ይወዛወዝና በሩን ይደበድበዋል። ባለቤቱ ብርድ ልብሱ ውስጥ ሆኖ «ጓ… ጓ…» ሲል እየሰማ «ዛሬስ ነፋሱ ኃይለኛ ነው፤ እንኳንም አለበስኳት» ብሎ ይገላበጣል። በጋው ሲያልፍ በሩ እዚህም እዚያም ተሰርጉዶ ላሜራ ሠሪ ዘንድ ትወሰዳለች። ላሜራ ሠሪው እጁን በስርጉዱ ላይ እያስኬደ በረዶ መቷት እንደሆነ ይጠይቃል።

«ኧረ በረዶ አይነካትም! ለብሳ ነው የምታድረው።»

ልብሱን የሸጠለት የሶማሌ ተራ ነጋዴ አልዋሸውም። «ጠብታ ውሃ አያስገባም» ብሎታል፤ እውነቱን ነው። ውሃ እንደማያስወጣም ግን አልነገረውም፤ እሱም አልጠየቀም። በክረምት ከእርጥቡ መሬት የሚነሳው እንፋሎት ከልብሱ ሥር ይታፈናል፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝም ጠብታ ሆኖ ቦዲው ላይ ይቀመጣል። ጠዋት ሲገልጧት ዝናብ ያልነካት መኪና በላብ ርሳ ትገኛለች። የበሩ የታችኛው ጠርዝ፣ የኋላ ኮፈኑ ዳርቻ፣ ጭቃ የተሸጎጠበት የጎማው ጓዳ ከዝገት ጋር የሚተዋወቁት እዚያ ነው። አቧራውም አለ። መልበስ የነበረባት ታጥባና ደርቃ ነበር፤ እኛ ዘንድ ግን የምትለብሰው ከነአቧራዋ ነው፤ ልብሱ የተገዛው እጥበት ለመቀነስ ነውና። ነፋሱ ጨርቁን ሌሊቱን ሙሉ ሲያርገበግበው አቧራው በልብሱና በቀለሙ መሀል ብርጭቆ ወረቀት ይሆናል። በልብስ ያረጀ ቀለም በፀሐይ ካረጀው የሚለየው ገንዘብ ተከፍሎበት ማርጀቱ ነው።

አይጥም አትረሳም። ጨለማ፣ ዝናብ የማይገባው፣ ሰው የማይደርስበት ቤት ስታገኝ ሞተሩ ላይ ጎጆዋን ትቀልሳለች፤ ጥርሷ ሲበላት ደግሞ የኤሌክትሪክ ገመዱ አጠገቧ ነው። ይህን የሰማ ሰው ድመት ያመጣል። ድመቷ ኮፈኑ ላይ ትተኛለች፤ ከልብሱ ውጭ።

ማልበሱስ በማታ ነው፤ ጣጣው ያለው ጠዋት ነው። አራት ድንጋይ ይፈታል፤ ውሃ የቋጠረው ልብስ ይራገፋል፤ አራጋፊው ራሱ ይረጥባል። ከዚያ የት ይቀመጥ? አጣጥፎ ከኋላ ቢከተው መኪናዋ ሻጋታ ሻጋታ ትሸታለች። አጥር ላይ ቢያሰጣው ልብሱም ሌባ አያጣም። አንድ የማውቀው የቡራዩ ሰው፣ ልብሱ ቶሎ እንዳያረጅበት ብሎ ከላዩ ሰማያዊ ሸራ ደርቦለታል፤ ሸራው ከገበያ የተገዛው ከልብሱ በሚበልጥ ዋጋ ስለሆነ አሁን የሚሳሳው ለሸራው ነው። ያም ሆነ ይህ የሥራ ሰዓት ደርሷል። ሰውዬው ድንጋዮቹን አየ፣ ሰዓቱን አየ፣ ከመኪናው ጎን አልፎ አስፋልት ወጣና የታክሲ ሰልፍ ያዘ። ቢሮ ሲደርስ «መኪናህስ?» ይሉታል።

«አለች፤ ለብሳለች።»

ይህ ሰው ከሰማይ አልወረደም። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል፣ ሶፋው አንሶላ፣ ሪሞቱ ላስቲክ በለበሰበት ቤት ነው ያደገው፤ እኔም እዚያው ነኝ። በላስቲኩ ላይ ቁጥሩ አይነበብም፤ «ከላይ ሦስተኛዋን ጫን» እየተባልን ነው ቻናል የቀየርነው። የአዲስ መኪና ወንበር ከነፋብሪካ ላስቲኩ ለሁለተኛ ገዢ ሲተላለፍ አይተናል፤ የመጀመሪያው ባለቤት ስንት ዓመት በላብ ተጣብቆ እንደነዳ እሱ ያውቃል። አያቶቻችን ግን ሲያለብሱ እንዲህ አልነበሩም። የብራና መጽሐፍ ማኅደር ይሰፋለታል፤ ማኅደሩ ማንገቻ አለው፤ መጽሐፉ በትከሻ ተንጠልጥሎ ከደብር ደብር እንዲሄድ ነው። መሶብም ልብስ አለው፤ ቀኑን ሙሉ ካልተገለጠ ግን ቤቱ ውስጥ ደህና ነገር የለም።

ቡራዩ ላይ ነገሩ ሌላ ጣጣ አለው። ክረምት ሲገባ ከአምቦው አስፋልት ወደ አንዳንዱ ሰፈር የሚያስገባው መንገድ ጭቃ ብቻ ይሆናል። መኪናዋ እስከ ደጅ መድረስ ስለማትችል አስፋልት ዳር፣ ከሌሎች መሰሎቿ ጋር፣ ለአዳር ጥበቃ እየተከፈለላት ታድራለች። እዚያ ታዲያ ልብሷን ለብሳ ነው፤ ሜዳ ላይ ራቁቷን መተው ነውር ነዋ! ስፖኪዮ የሚሰረቅበት ዘመን ስለሆነ ባለቤቱ አስቀድሞ ስፖኪዮውን በሪቬት አስመትቷል፤ በየመስታወቱም ላይ የታርጋ ቁጥሩን አስጽፏል። ያ ሁሉ ጽሕፈት የሚነበበው ግን ሲታይ ነው።

አንድ ጠዋት ሄዶ ያያል፤ ልብሱ እንደታሰረ ነው። ድንጋዮቹም በየቦታቸው ናቸው። ገለጥ ሲያደርገው ስፖኪዮዎቹ የሉም፤ የፊት መብራቱ የለም፤ ባትሪውም የለም። ሌባው ከልብሱ ሥር ገብቶ፣ ከዝናቡም ተጠልሎ፣ ማንም ሳያየው ተረጋግቶ ሲፈታ አድሯል። ሲጨርስ ልብሱን መልሶ ማሰሩ ደግሞ የጨዋ ልጅ መሆኑን ይመሰክርለታል። ሸፋፍነው ቢተኙ ገላልጦ የሚያይ አለ የሚለውን ተረት ያወጣው ሰው፣ እዚያው ከሥር ገብቶ የሚሠራ ሰው እንዳለ አላሰበም ነበር። ባለመኪናው ጥበቃው ላይ ጮኸ። ጥበቃው ሸምገል ያሉ ናቸው፤ ካፖርታቸውን እያስተካከሉ በእርጋታ መለሱለት።

«ልጄ፣ እኔ የምጠብቀው የማየውን ነው። ማታ ያሳየኸኝ ልብሱን ነው። ልብሱ ይኸው፤ ማን ነካው?»

«አባባ፣ ውስጡስ?»

«ውስጡንማ አንተ ሸፈንከው።»

ስለ ሸራ የሚያውቅ ሰው የሚፈልግ ሰበታ ይሂድ። ከሰበታ ተነስቶ ጂቡቲ የሚደርሰው፣ ርዝመቱ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነው የባቡር ሐዲድ በ2009 ዓ.ም. ቢመረቅም፣ የጅማው አስፋልት ዛሬም ከመኪናና ተሳቢ አልተላቀቀም። በየፋብሪካው በር የቆመውን ልብ ብሎ ላየ፣ ረዳቱ ጭነቱ ላይ ወጥቶ ሸራውን ከዳር እዳር ይዘረጋል፤ ነፋስ እንዳይገባው እጥፉን ወደ ኋላ ያደርጋል፤ ገመዱን እያመሳቀለ ከጎን ካሉት መንጠቆዎች ጋር ይጠፍራል፤ በእግሩም ረግጦ ይፈትሸዋል። ሸራው አይርገበገብም። ጭነት ሲራገፍ ተጠቅልሎ ይታሰራል። አንድ ሹፌር የቤት መኪና ልብስ ጉዳይ ሲነሳበት የመለሰው አጭር ነው፤ «ባዶ መኪና ምኑ ይሸፈናል?»

ፈረንጆች መኪና ኋላ የሚጎተት ትንሽ ቤት አላቸው፤ አልጋና ምድጃ ያለው፣ ሐይቅ ዳር ወስደው የሚያድሩበት። በበጋ ጥቂት ሳምንት ይወጡበታል፤ የቀረውን ጊዜ ጓሯቸው ውስጥ ልብስ ለብሶ ይቆማል። ሽፋኑ እርጥበት የሚያሳልፍ ጨርቅ ይሁን፣ ቤቱ ከመልበሱ በፊት ይታጠብ፣ በደንብ ይድረቅ፣ ሹል ማዕዘኖቹ በስፖንጅ ይጠቅለሉ፣ ጨርቁ እንዳይርገበገብ በማሰሪያ ይጠፈር የሚል መመሪያ አላቸው። በስንፍና ከእኛ አይሻሉም፤ ሊያድሩበት የገዙትን ቤት ሸፍነው በመስኮት የሚያዩ ሰዎች ናቸው። የሚበልጡን መመሪያውን በማንበብ ብቻ ነው። ካምፕ በመውጣት ከሆነ ግን የሰበታው ረዳት ሁላቸውንም ያስከነዳል፤ ጭነት ሲጠብቅ ሸራው ሥር ያላደረበት የኢትዮጵያ መንገድ ጥቂት ነው፤ ማንም ግን ቱሪስት ብሎ አልጠራውም።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ዝናብና ፀሐይ ነው። ልብሱ የሚገዛው ግን ለሰው ዓይን ነው ባይ ነኝ። መጀመሪያ ሰሞን መኪናዋ አዲስ ገብታለች፤ ዓይን እንዳያርፍባት ትሸፈናለች። ባዶ ግቢ ውስጥ ብርማ ጉብታ ያየ ጎረቤት ግን «ድርቆሽ ነው» ብሎ አያልፍም፤ እንዲያውም ቪትዟን ላንድክሩዘር አድርጎ ያወራላታል። ጥቂት ቆይቶ የልብሱ ሥራ ይገለበጣል። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ከ48 ብር በታች የነበረው የአንድ ሊትር ቤንዚን በ2017 ዓ.ም. 100 ብር አለፈ፤ ደመወዙ አብሮ አልሄደም። ራቁቷን ሦስት ወር የቆመች መኪና «ሰውዬውን ምን ነካው?» ታሰኛለች። ለብሳ የቆመች ከሆነ ግን ዓመትም ቢሆናት «ለንብረቱ ሳሽ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ላዩ ብር፣ ውስጡን ለቄስ። የኤሌክትሪክ የገዛውም ከዚህ አላመለጠም፤ ከወጥ ቤቱ መስኮት የወጣ ገመድ ከልብሱ ሥር ገብቶ ይጠፋል፤ መብራት በሄደ ቁጥር ቤተሰቡ ሻማ ለኩሶ፣ መኪናዋ ለብሳ፣ ሁሉም ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅም ደግሞ ሌላ ነው። በእነዚህ ሰፈሮች ባለመኪና ማለት የዕድሩ አምቡላንስ፣ የሰርጉ አጃቢ፣ የለቅሶው ማመላለሻ ማለት ነው። ጎረቤት እትዬ ቅዳሜ ጠዋት ዘንቢላቸውን ይዘው ደጅ ይቆማሉ።

«የኔ ልጅ፣ እስከ ገበያ ብታደርሰኝ…»

«ውይ እትዬ፣ ምን ላድርግ፣ ለብሳለች እኮ!»

«አይ፣ እንግዲያስ ተዋት፣ አትቀስቅሳት» ብለው ይመለሳሉ። ቀልዳቸው ይሁን እውነታቸው አይታወቅም። ማታ ቡና ላይ ግን ይታወቃል።

ይህ ዘዴ የማይሠራው ሌሊት ነው። ባለፈው ክረምት እዚያው ቡራዩ፣ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የጎረቤት ነፍሰ ጡር ምጥ ያዛትና የአንዱ በር ተደበደበ። «ለብሳለች» የማይባልበት ሰዓት ነው። ሁልጊዜ ጠዋት ሰውዬውን የሚያስመርረውን ልብስ የሰፈሩ ሴቶች በአንድ ትንፋሽ ገፈፉት። አባወራው ቁልፉን ቢያዞር ድምፅ የለም፤ ባትሪው ሞቷል። ደግነቱ ማርሿ የእጅ ነው፣ ሰፈሩም ቁልቁለት ነው። ነፍሰ ጡሯን ከእናቷ ጋር ከኋላ አስገብተው፣ ወንዱም ሴቱም «ሆ» ብሎ ገፋት። ጭቃውን ሰንጥቃ ሃያ ሠላሳ ሜትር እንደወረደች ሳለች፣ አስነጠሰችና ተነሳች። ከአንዱ ገመድ ያልተፈታው ልብስ የኋላውን ፓራውልት ይዞ፣ ድንጋዩን በኮብልስቶኑ ላይ እያንጓጓ፣ እስከ ጤና ጣቢያው ደጃፍ ተከተላቸው። ውሾቹ ሁሉ ተነሱ። ልጅቷ በሰላም ተገላገለች፤ ወንድ ነው። ልብሱ ግን ሲነጋ ሲታይ ለመጥረጊያነትም አይሆንም ነበር።

ሰፈርተኛው ሁለት ሳምንት ያህል መኪናዋን ራቁቷን አየ። ባትሪዋ ተለውጦ፣ ታጥባ፣ ሁለት ቀን ገበያ፣ አንድ ቀን ለቅሶ ሄደች። እትዬም ጎን ተቀመጡባት። በሦስተኛው ቅዳሜ ግን ሰውዬው ሶማሌ ተራ ታየ፤ አንድ ሱቅ ፊት ቆሞ ብርማውን ጨርቅ በጣቶቹ መሀል ያሻል።

«ዚፕ ያለው ነው ጋሼ፣ አዲስ የመጣ። በሹፌሩ በር በኩል ይከፈታል፤ ልብሱን ሳያወልቁ መግባት ይችላሉ።»

«ገብቼስ?»

«ገብተውማ… ይቀመጣሉ።»

ሰውዬው ጥቂት አሰበ። ከዚያ ዋጋውን ጠየቀ።